የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፈረሰ ቤት ለመለካት ዲግሪ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ግላስጎው ሲሆን የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። በወር ሁለት ቅዳሜ እረፍት አለኝ። በስኮትላንድ ገጠር እየዞሩ የድሮ ፍርስራሾችን የሚለኩ በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ ሰማሁ። አርኪዮሎጂ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬም ገና ነው። ይቀበሉኛል? ሥራው ምንድን ነው? አንድ ዕቃ ባገኝስ የማን ይሆናል?
እህታችሁ፣ ከግላስጎው

መልስ፦ እህቴ፣ ይቀበሉሻል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፐርዝ አጠገብ ካለ ቡድን ጋር መለካት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የትምህርት ማስረጃ አምጣ ያለኝ ሰው ግን የለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 የተካሄደው «ስኮትላንድስ ሩራል ፓስት» የተባለ ፕሮጀክት የየአካባቢውን ነዋሪ እያሠለጠነ የተተዉ መንደሮችን አስለክቷል። እነዚያ ሰዎች የሳሏቸው ፕላኖች ዛሬ በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ ውስጥ ናቸው።

መቆፈር የለም። የምንመዘግበው ከመሬት በላይ የቀረውን ነው፦ የቤት መሠረት፣ የድንጋይ ካብ፣ የአሮጌ እርሻ ትልም፣ እህል ከመፈጨቱ በፊት በእሳት ሙቀት ይደርቅበት የነበረ ክብ ጉድጓድ። ብዙዎቹ መንደሮች ባዶ የቀሩት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ፈልገው ገበሬውን ስላስነሡት ነው። በሰሜን፣ በስትራዝኔቨር ሸለቆ የሚገኘው የሮዛል መንደር ነዋሪዎች የተነሡት እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1818 ባሉት ዓመታት ነው። አሁን እዚያ የምታዪው ሣርና ድንጋይ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ልንገርሽ። የካቲት ነበር፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ትንሿ ጉብታ እንኳ ጥላ የምትጥልበት ወር ነው። ከፊታችን የነበረው ሙጃ የዋጠው የረጅም ቤት መሠረት ነው። ሁለት ችካል ተከልንና በመካከላቸው የሠላሳ ሜትር መለኪያ ወጠርን። ከዚያ ከተወጠረው መስመር በሌላ ሜትር ቀጥ ባለ ማዕዘን እስከ ግድግዳው ድረስ እለካለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ጓደኛዬ ዝናብ በማያበላሸው የፕላስቲክ ወረቀት ላይ በጠንካራ እርሳስ አንድ መቶኛ አሳንሳ ትስላለች። ዘጠነኛው ሜትር ላይ ስደርስ ግድግዳው ተቋረጠ። በር ነው። ወደ ታችኛው ጫፍ ወርጄ የምለካውን ድንጋይ ለማግኘት ሙጃውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተራ በተራ ተደርድረው አየሁ፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር የሚሆን ቦይ በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ውጭ ይወርዳል። የከብት ሽንት መውረጃ ነው። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ ሰው በላይኛው ጫፍ፣ ከብት በታችኛው ጫፍ። እኔ ያደግሁት ጎጃም፣ ጥጆች ከመደቡ አጠገብ በሚያድሩበት በአያቴ ቤት ነው። ሜትሩን እንደያዝኩ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። በዚያ ቦታ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ካልለካሁት ግን አላየሁትም ነበር።

ዛሬ ሁሉም ነገር ከአየር ይታያል፣ በእግር መዞሩ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በአራን ደሴት ላይ በሌዘር ከአየር የተደረገ ልኬት ቀድሞ ያልታወቁ አንድ ሺህ ያህል ቦታዎችን ማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ተነግሯል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የታየች ጉብታ ቤት ትሁን የበግ ጉረኖ የሚለየው ቦታው ድረስ ሄዶ ድንጋዩን የነካ ሰው ነው።

ስለ ዕቃው፦ በስኮትላንድ ሕግ ባለቤቱ ያልታወቀ የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ የዘውዱ ነው፤ ወርቅም ይሁን የሸክላ ስባሪ። ማሳወቅ ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ዓመቴ ፍልፈል ካወጣችው አፈር ላይ አንድ ስባሪ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። ማታ አስተባባሪያችን «ከየት አነሣኸው?» ስትለኝ ቦታውን ማሳየት አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ካየሽ ሳትነኪ ፎቶ አንሺው፣ በጂፒኤስ ቦታውን መዝግቢ፣ ለአስተባባሪው ንገሪ።

እንግሊዝኛሽ አያስፈራሽ። ሜዳ ላይ የሚያስፈልጉት ቃላት ከሠላሳ አይበልጡም፤ ብዙዎቹንም የአገሩ ሰዎች ራሳቸው እንደ አዲስ ይማሯቸዋል። «ሺሊንግ» ለምሳሌ ከብቶች በበጋ ወደ ተራራ ሲወጡ የሚታደርበት ጎጆ ነው፤ ሴቶችና ልጃገረዶች ቅቤና አይብ የሚያወጡት እዚያ ነበር።

ከመመዝገብሽ በፊት ቤትሽ ሆነሽ ጀምሪ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1882 የተለኩትን የመጀመሪያ ዝርዝር ካርታዎች በነፃ በኢንተርኔት ያሳያል። ጣሪያ የነበረው ቤት ተሞልቶ፣ ጣሪያው የፈረሰው ደግሞ በባዶ መስመር ተሥሎ ታገኚዋለሽ። ከተማሽ አጠገብ አንድ ሸለቆ መርጠሽ ባዶዎቹን ቁጠሪ።

ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በስኮትላንድ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ብራከን የሚባለው የፈርን ዓይነት ተክል እስከ ደረት አድጎ ሁሉን ይሸፍናል፤ መዥገሩም «ላይም» የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ማታ ሰውነትሽን ፈትሺ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ በኃላፊነት ለሚሄድ ሰው መንገዱን ክፍት አድርጎለታል፤ ቢሆንም ገበሬውን ቀድመሽ አነጋግሪ፣ በተለይ በጎች በሚወልዱበት በሚያዝያ። ውኃ የማያስገባ ጫማና ሻይ በቴርሞስ ያዢ። እርሳስሽን በክር አንገትሽ ላይ እሠሪው፤ ሣር ውስጥ የወደቀ እርሳስ አይገኝም።