ለቴራኸርዝ ሊንክ ስታንዳርድ አለ ወይ ላልከው

ለቴራኸርዝ ሊንክ፣ ማለትም በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ባለው የሬዲዮ ሞገድ መረጃ ለሚያስተላልፍ ገመድ አልባ ግንኙነት፣ ስታንዳርድ ገና አልወጣም ወይ ብለሃል። ወጥቷል እኮ! አይትሪፕልኢ (IEEE፣ የቴክኖሎጂ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር) በ2017 እ.ኤ.አ. 802.15.3ዲ የሚባለውን አጽድቋል። ከ252 እስከ 325 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ዒላማው በሰከንድ 100 ጊጋቢት ነው። ግን ለስልክ እንዳይመስልህ። ቦታቸውን ለማይቀይሩ ሁለት ነጥቦች ነው የተሠራው፣ ለምሳሌ በዳታ ሴንተር ውስጥ ላሉ ሰርቨሮች ወይም የሞባይል ማማዎችን ከኔትወርኩ ጋር ለማገናኘት።

ከባዱ ነገር ፍሪኩዌንሲው ነው። እዚያው አካባቢ ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች በጣም ደካማ ሲግናል ያዳምጣሉ፣ ስለዚህ በ2019ኙ የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከ275 እስከ 450 ጊጋኸርዝ ካለው ውስጥ እነሱን ለመጠበቅ የተለየ ገደብ ሳይጣልበት ለእንዲህ ዓይነቱ ሊንክ ክፍት የተደረገው በድምሩ 137 ጊጋኸርዝ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፣ የአየር ንብረት መረጃ ከዚያ ነውና የሚመጣው። አሁን የቀረው ትልቁ ሥራ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ነው፤ ጨረሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ዞር ስትል ሊንኩ ይቋረጣል።