«መጠቅለያ ነው» አልኩ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ጥልፍ ነው፤ ሠዓሊ ነኝ ብል ይስቁብኛል?» አለችኝ። ዕድሜዬን በብሩሽ የጨረስኩ ሰው መልስ አያጣም ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ እንጂ መልሱ አልመጣልኝም።

ዘጌ የምትኖር አክስት ነበረችኝ። የሰው ሁሉ የትራስ ልብስ ጽጌረዳና «መልካም እንቅልፍ» ሲጠለፍበት፣ እሷ በአቡጀዴ የአልጋ ልብስ ላይ ጣናን ጠለፈች። ውሃው ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ክር፣ ማዕበሉ ሰንሰለት ጥልፍ፣ አንዲት ታንኳ፣ መሐሉ ላይ ክብራን ደሴት። ደሴቱ ግን ዛፍ ብቻ ነው።

«ቤተ ክርስቲያኑስ?» አልኳት።

«መቼ አይቼው?» አለች፣ መርፌዋን ሳታቆም።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። እኔ ግን ገብቼ አይቻለሁ፤ የውስጡንም ሥዕል እየገለበጥኩ ለቱሪስት ስንት ጊዜ ሸጫለሁ። በልቤ ሳቅሁባት።

በ1980 ዓ.ም. ሥዕሎቼን አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ላሳይ ስነሣ «እዚያ ብርድ ነው» ብላ ያንን የአልጋ ልብስ ሰጠችኝ። ሥዕሎቼን ጠቀለልኩበት። ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ነበር፤ ማዕበሉን ነካካው። ሆቴል ደርሼ ስፈታ አንዲት እንግዳ ሥዕሎቹን ትታ ጨርቁን አነሣች፤ ገልብጣም ጀርባውን አየች። የጥልፍ ሙያ የሚታየው በጀርባው ነው፤ የአክስቴ ጀርባ ደግሞ አንድ ቋጠሮ የለበትም። «ማን ሠራው?» አለችኝ።

«መጠቅለያ ነው» አልኩ። ለምን እንዳፈርኩ እንጃ። በዚያው ሰሞን ብሩሽ ጠረግሁበት፤ የት እንደጣልኩትም አላስታውስም። አክስቴ ስትጠይቀኝ «ሆቴል ቀረ» ብዬ ዋሸኋት። «ይሁን፣ ሌላ እጠልፋለሁ» አለች። ዓይኗ ግን ክር ከመርፌ ማስገባት እየተሳነው ነበር። ሌላ አልጠለፈችም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የእህቴ ልጅ በስልኳ የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች አሳየችኝ፤ ሸራ ላይ በክር የተሰፉ ናቸው። ካይሮ የተወለደችውን ጋዳ አሜርንም ያየሁት በዚያው ስልክ ነው፤ እሷም ሸራ ላይ ትጠልፋለች። ታላላቅ ሙዚየሞች ይቀበሏቸዋል። ስልክ ስል ትዝ አለኝ፤ እናንተ ጥልፍ የምትሠሩ ልጆች ሥራው ሳያልቅ ፎቶ ታነሡታላችሁ፤ ደግ አይመስለኝም። የኮምፒውተር ጥልፍም ነፍስ የለውም እላለሁ፤ የልጄ የሠርግ ቀሚስ ግን በእሱ ተጠልፎ አምሮባት ነበር።

መርፌ አያያዝ ከእኔ አትማሩም። ለጠየቀችኝ ልጅ በመጀመሪያ «ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ ሥሪ» ልላት ነበር። ኋላ ሳስበው ስሙን አጥብቃ ትያዝ። ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ ለአክስቴ ሥራ ስም ብሰጠው ኖሮ ብሩሽ አልጠርግበትም ነበር።

ባለፈው ወር አቡጀዴና ሰማያዊ ክር ገዛሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዛፎቹን እንደ ምንም ጀምሬአለሁ። ታንኳዋ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ወደ ደሴቱ እየሄደች ነበር፣ ወይስ እየተመለሰች?