«ስንት ሰዓት ሠሩ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ታብሌት ይዛችሁ ለጥናት መረጃ ልትሰበስቡ ገጠር ልትወርዱ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቢሮ ተቀምጣችሁ እነሱ ያመጡትን ቁጥር ልትደምሩ ነው። እኔ ሁለቱንም ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የገበሬን የሥራ ጊዜ የሚለካ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ ጥያቄውን ፈልጉ። ማን ተጠየቀ? በየትኛው ወር? ስለ ስንት ቀን?

ይህ ነገር በደንብ የገባኝ ጎጃም ውስጥ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። አዲስ መጠይቅ ልንሞክር አንድ አባወራ ቤት ገባን። ቆጣሪው፣ ማለትም መጠይቁን የሚያስሞላው ልጅ፣ እንደተጻፈለት «ባለፉት 7 ቀናት በእርሻ ሥራ ላይ ስንት ሰዓት ሠሩ?» አላቸው። ሰውዬው ሰዓት የላቸውም። ቀኑን ግን በጣታቸው ቆጠሩለት። «ሰኞ አረም ዋልኩ። ማክሰኞ ሚካኤል ነው። ረቡዕ ቡሄ። ሐሙስ ለጎረቤት ወንፈል ወጣሁ። ዓርብ ገበያ። ቅዳሜ ፍልሰታ። ትናንት ሰንበት።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ደመረ። ሁለት ቀን። ጤፍ በሚታረምበት፣ ወገብ በሚቆረጥበት ወር፣ ሁለት ቀን! ከሳምንት በኋላ ሄደን ቢሆን ኖሮ እኚሁ ሰው ሌላ ሰው ይመስሉን ነበር።

«ባለቤትዎስ?» አለ ልጁ።

«እሷማ ቤት ነች። ምን ትሠራለች?»

ሴትዮዋ ጥግ ላይ የጠላ ጋን ከበው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ደቦ ጠርተዋል። መቼም ያለ ጠላና እንጀራ ደቦ የለም። «ሰኞ ዕለት ማሳ ወርደው ነበር እንዴ፣ እናቴ?» አልኳቸው። «አብሬው ሳርም ውዬ እንጀራ ለመጋገር ቀደም ብዬ ገባሁ» አሉ። ባልየው አልተከራከሩም። «እሱማ ልክ ነው» አሉ። ዋሽተውም አይደለም። በእሳቸው ቤት ሥራ ማለት በሬ ጠምዶ መፍታት ነው።

በእኛ ቅጽ ላይ ደቦ የሚወጣው ሰው ጉልበት ግብርና ተብሎ ተጻፈ። ያንን ሰው ሁሉ የሚያበላውና የሚያጠጣው የሴትዮዋ ልፋት ግን የቤት ውስጥ ሥራ ተባለ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ጥናቶች ልምጣ። በአገራችን የሠራተኛ ኃይል ጥናት በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተካሂዷል። እሱ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ሰባት ቀን ነው። ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። አንዴ ከዘር በኋላ፣ አንዴ ከአጨዳ በኋላ ይመለሳል። ማሳ በማሳ፣ ሰው በሰው፣ ስንት ሳምንት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እያለ ይጠይቃል። ሁለቱን ቁጥር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚጣሉ ይመስላሉ። አልተጣሉም። የተጠየቁት የተለያየ ነገር ነው።

«እንግዲያው ወቅቱን በሙሉ የሚጠይቀው ይሻላል» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ የታንዛኒያውን ሙከራ አነበብኩ። ማራ በሚባለው አካባቢ ተመራማሪዎች አንዳንዱን ቤተሰብ በየሳምንቱ፣ አንዳንዱን ደግሞ ወቅቱ ካለቀ በኋላ አንዴ ጠየቁ። መጨረሻ ላይ የተጠየቁት፣ በአንድ ሰውና በአንድ ማሳ ሲሰላ፣ እስከ አራት እጥፍ የሚደርስ ሰዓት ተናገሩ። ነገር ግን ትንንሽ ማሳዎችንና የሠሩ ሰዎችን ረስተዋል። ስለዚህ የቤተሰቡ ድምር ሲታይ ልዩነቱ ጠበበ። ሁለት ስህተት ተጋጭቶ ደህና መልስ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው።

ሌላም ልጨምር። «የአፍሪካን የእርሻ ሥራ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው» የሚል አባባል ለረጅም ጊዜ ሲዞር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በ6 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አይቶ፣ በሰብል ሥራ ላይ የሴቶች ድርሻ በአማካይ 40 በመቶ ገደማ ነው አለ። ዩጋንዳ 56፣ ኢትዮጵያ 29። የእኛ ዝቅ ማለቱ አይደንቀኝም፤ በደጋው አገር ሞፈር የሚይዘው ወንድ ነው። ግን 29ን ባየሁ ቁጥር ያ የጠላ ጋን ትዝ ይለኛል። ቁጥሩ ማሳ ላይ የዋለውን ሰዓት ነው የያዘው።

ጄኔቫም የራሷን ጨምራለች። የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ተሰብስበው፣ በዋናነት ለራሱ ቤት ቀለብ የሚያርስ ሰው «ሥራ ይሠራል» ግን «ተቀጥሮ ወይም ለገቢ ሠርቶ የሚኖር» ከሚባለው አይቆጠርም አሉ። ሐሳቡ ምክንያት አለው። ግን እስቲ ገበሬውን «የምታመርተው በዋናነት ለሽያጭ ነው ለቀለብ?» በሉት። ጤፉን ይሸጣል፣ በቆሎውን ይበላል። ስንት እንደሚሸጥ ደግሞ የሚወስነው የማዳበሪያ ዕዳው ነው። በዚህ አንድ መልስ ስንትና ስንት ሰው ከሠንጠረዥ ሊወጣ ይችላል፤ ማሳው ላይ ግን አንድም ሰው አልጎደለም።

እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ በዚህ ወድቄያለሁ። የሁለት ጥናት ቁጥር አነጻጽሬ «የእርሻ ሥራ ቀነሰ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬም ወደደልኝ። በኋላ ሳጣራ አንደኛው በበጋ፣ ሌላው በክረምት የተሰበሰበ ሆኖ ተገኘ። ስብሰባ ላይ ቆሜ ስመልሰው የወጣብኝ ላብ አይረሳኝም።

እና ገጠር ስትወርዱ ሴቲቱን ራሷን ጠይቁ፤ ባሏ ይመልስላት አትበሉ። ሰዓት ከመጠየቃችሁ በፊት በዓላቱን፣ ገበያውን፣ ወንፈሉን ቁጠሩ። ቢሮ የምትቀመጡት ደግሞ መጠይቁን ሳታነቡ ሠንጠረዥ አትክፈቱ።

ያን ዕለት ስንወጣ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ሰውዬው እየሸኙን ታብሌቱን ጠቆሙና «ለመሆኑ ከእናንተ ጋር የተቀመጥኩትን ከየትኛው ጽፋችሁት ነው?» አሉን። ቆጣሪውም እኔም ቅጹ ላይ ቦታ አጣንለት።