ሲቪያችሁን እንደ ቲኬት ጻፉት

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ኮምፒውተር እምቢ ሲል የሚደወልለት ሰው ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ስልኩን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ኋላ ላይ ስልክ የሚያነሱትን ልጆች የምቀጥረው እኔ ሆንኩ። በዚህ መሃል ስንት ሲቪ እንዳነበብኩ አልቆጠርኩም። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳኋቸው ጥቂቶች አሉ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁም በነሱ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ግን የራሴን ጉድ ላውራ።

የመጀመሪያ ሲቪዬ ላይ «የዊንዶውስና የኔትወርክ ኤክስፐርት» ብዬ ጽፌ ነበር። ኤክስፐርት! ያኔ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ መጫን እችላለሁ፤ ኬብል መሰካት እችላለሁ፤ አለቀ። ኢንተርቪው ስገባ ጠያቂው ሲቪዬን አዩ፣ እኔን አዩና አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት አልሠራ አለኝ ብሎ ደወለ። የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ስታየው በ169.254 ይጀምራል። ምን ማለት ነው?»

ላብ አጠመቀኝ። «ኬብሉን ነቅዬ እሰካለሁ» አልኩ።

መልሱ ከባድ አልነበረም። ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ አድራሻ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ ሰርቨር አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ነው። ስለዚህ ችግሩን ከኬብሉ ጀምሮ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ትፈልጋለህ። ነቅሎ መሰካቱም ጨርሶ ስህተት አይደለም እኮ፤ ለምን እንደምነቅለው አለማወቄ ነው ጉዱ። ሥራውን አላገኘሁም። «ኤክስፐርት» ባልል ኖሮ በዚያ ጥያቄ ባልጀመሩልኝ ነበር። ጠያቂ ጥያቄውን የሚያወጣው ከሲቪያችሁ ነው። ሲቪው ላይ ስላለ ስለ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ደቂቃ ማውራት ካልቻላችሁ አውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሥራ ግማሹ መጠገን ነው፤ ግማሹ መጻፍ ነው። ሰው ይደውላል፣ ቲኬት ማለትም የችግሩን መዝገብ ትከፍታላችሁ። ምን ሆነ፣ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰው ላይ ደረሰ፣ ምን ሞከራችሁ፣ በምን ተፈታ፤ ይህን ሁሉ ትጽፋላችሁ። ካቃታችሁ ለሁለተኛ ደረጃ ባለሙያ ታስተላልፋላችሁ። እሱም ደዋዩን እንደ አዲስ «ምን ሆነብህ?» ብሎ ሳያሰለች እናንተ ከቆማችሁበት ይቀጥላል። «ፕሪንተር አይሠራም። ተስተካክሏል።» ብሎ ቲኬት የሚዘጋ ሰው አብረውት የሚሠሩትን ያስለቅሳል። በሚቀጥለው ወር ያው ፕሪንተር ሲበላሽ ማንም ከዚያ ጽሑፍ አንዳች ነገር አያገኝም።

ሲቪያችሁን የሚያነበው አለቃ ከእንዲህ ዓይነት ቲኬቶች ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ነው። ስለዚህ ሲቪያችሁን የሚያየው ወደፊት የምትጽፉለትን ቲኬት ናሙና አድርጎ ነው። እኔ በበኩሌ እንደዚያ ነበር የማየው።

በየሲቪው የማገኛት አንዲት መስመር አለች፤ «ለተጠቃሚዎች የቴክኒክ ድጋፍ መስጠት» የምትል። ምን ማለት ናት? ለስንት ሰው? በስልክ ነው በአካል? ስለ ምን? ይህቺኑ መስመር እንዲህ አድርጋችሁ አስቧት፤ «ለ60 ሠራተኞች በስልክና በሪሞት ድጋፍ እሰጥ ነበር፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ቲኬት። አብዛኛው የተቆለፈ አካውንት፣ የአውትሉክና የፕሪንተር ችግር ነው።» አሁን ሰው ታየኝ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ሲያነሳ ታየኝ። «ፓስወርድ ሪሴት አደርግ ነበር ካልኩማ ይንቁኛል» የሚሉኝ ልጆች አሉ። አይንቋችሁም። የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ትልቁ ክፍል እሱ መሆኑን ቀጣሪው ከናንተ በላይ ያውቃል። ቁጥሩን ግን አትፍጠሩ። በትክክል ካላስታወሳችሁት «በግምት» በሉ።

የማልረሳት አንዲት ልጅ አለች። ተቀጥራ ሠርታ አታውቅም። ሲቪዋ ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። የተማረችበት ቦታ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በፈቃደኝነት ታግዝ ነበር፤ ስለዚያ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነው። «20 ኮምፒውተሮች ጠዋት ሲከፈቱ በጣም ይዘገዩ ነበር። አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች አጠፋሁ፤ የሞሉትን ዲስኮች አጸዳሁ። 17ቱ ተሻሻሉ። ሦስቱ ግን አልተሻሻሉም፤ ሃርድ ዲስካቸው ሊሞት ስለነበር እንዲቀየር አመለከትኩ።»

የጠራኋት «ሦስቱ ግን አልተሻሻሉም» ስላለች ነው። ሰው ሲቪ ላይ ያልተሳካለትን አይጽፍም። እሷ ግን የት እንደደረሰች፣ የት ላይ እንደቆመችና ለማን እንዳስተላለፈች በሦስት መስመር ነገረችኝ። ኢንተርቪው ላይ «ዲስኩ ሊሞት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን የስማርት መረጃ እንዳየች፣ መበላሸት የጀመሩ ሴክተሮች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር እንዳገኘች፣ አንዱማ ቀጭ ቀጭ ይል እንደነበር ነገረችኝ። «ታዲያ ከዚያ በፊት ምን አደረግሽ?» ስላት «መጀመሪያማ የልጆቹን ፋይል ገለበጥኩ» አለች። እኔ እዚያው ወስኜ ነበር።

«እኔስ እንዲህ ዓይነት ዕድል አላገኘሁም» ለምትሉ፣ ቤት ውስጥ መፍጠር ይቻላል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ የሚያስኬደው ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ዊንዶውስ ሰርቨርን ማይክሮሶፍት ለ180 ቀን በነጻ ያስሞክራል። ላፕቶፓችሁ በቂ ራም ካለው አንድ ሰርቨርና አንድ ዊንዶውስ ጫኑ፤ የተጠቃሚዎችን አካውንት በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን አክቲቭ ዳይሬክተሪ አቋቁሙ፤ ተጠቃሚዎች ፍጠሩ። ከዚያ አበላሹት። አንዱን አካውንት ፓስወርድ እየተሳሳታችሁ ቆልፉት፣ ፍቱት። ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ አሳስቱና ኮምፒውተሩ ዶሜይኑን (ሰርቨሩ የሚያስተዳድረውን ኔትወርክ) ሲያጣ ምን እንደሚል አንብቡ። ያደረጋችሁትን እንደ ቲኬት ጻፉ፤ ሲቪያችሁ ላይም «የቤት ልምምድ» ብላችሁ በስሙ አስቀምጡት። የሥራ ልምድ አስመስላችሁ አታቅርቡት። ሲታወቅ፣ መታወቁ ደግሞ አይቀርም፣ እውነተኛውንም ይዞባችሁ ይሄዳል።

ገንዘብ ተቀባይ ወይም መስተንግዶ ላይ የሠራችሁ ልጆች ደግሞ ይህን ልምድ «ከአይቲ ጋር አይገናኝም» ብላችሁ ትቆርጡታላችሁ። ኧረ በስመ አብ! የተናደደ ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ሲጮህ ድምጻችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነገሩን መጨረስ የቻላችሁ ከሆነ ከዚህ ሥራ ግማሹን ታውቃላችሁ። ዲኤንኤስን በሳምንት አስተምራችኋለሁ። ትዕግሥትን የማስተምርበት መንገድ ግን አላገኘሁም።

ስለ ሰርተፊኬት ትንሽ ልበል። ትምህርት ሲጨርሱ የሚሰጥ ወረቀትና ፈተና ሲያልፉ የሚሰጥ ወረቀት ይለያያሉ፤ ሁለቱን አትቀላቅሏቸው። ጎግል በ2018 እ.ኤ.አ. ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ የጀመረው የአይቲ ሰፖርት ሰርተፊኬት ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ኮርስ ነው። ኮምፕቲያ የሚባለው ድርጅት ለአይቲ ጀማሪዎች የሚሰጠው ኤ ፕላስ ደግሞ ሁለት ፈተና አለው። አንዱን አልፋችሁ ሌላው ከቀራችሁ «አንዱን ፈተና አልፌያለሁ» ማለት ምንም አያሳፍርም፤ «ኤ ፕላስ አለኝ» ማለት ግን ውሸት ነው። ደግሞም ሦስት ዓመት ሲሞላው ጊዜው ያልፋል፤ ያገኛችሁበትን ዓመት ጻፉት።

ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ እወዳለሁ»፤ ማስታወቂያው ካልጠየቀ ይቅር። ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል። ችሎታን በኮከብ የምትለኩትንም እባካችሁ ተዉት። ሊነክስ አራት ኮከብ ማለት ስንት ነው?

ቅርጹ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ሳይነበቡ የሚወድቁት እዚህ ነው። ብዙ ድርጅቶች ሲቪውን መጀመሪያ ለሶፍትዌር ይሰጡታል። ሶፍትዌሩ ጽሑፍ ያወጣል፣ ይለያል፣ ይፈልጋል። ያማረ ባለ ሁለት ዓምድ ዲዛይን፣ ሠንጠረዥ፣ በምስል የገባ ጽሑፍ ሊያምታታው ይችላል። በቀላሉ መሞከር ትችላላችሁ። ሲቪያችሁን ክፈቱ፣ ሁሉንም ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉት። ስማችሁ ከትምህርታችሁ መሃል ከገባ፣ የሥራ ዘመናችሁ ከሌላ ሥራ ጋር ከተደባለቀ፣ ማሽኑም የሚያየው ያንኑ ነው። ማስታወቂያው የሚጠቀምበትን ቃልም ተጠቀሙ። እነሱ «ማይክሮሶፍት 365» ካሉ እናንተ «ኦፊስ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ በእርግጥ የሠራችሁበት ከሆነ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። በአንድ ወቅት ጎበዝ የሚመስል ልጅ ሲቪ ደረሰኝ። ችሎታውን ለማሳየት ብሎ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን የሰርቨሮች ስምና የኔትወርክ ንድፍ ከነአይፒው አያይዞልኛል። ክፋት አልነበረውም። ግን ነገ የእኔንም ለሌላ ያሳያል ብዬ ተውኩት። የሠራችሁትን ንገሩን፤ የሰው ቤት ቁልፍ አታሳዩን።

የፋይሉን ስም ደግሞ እዩት። «ሲቪ ፋይናል ፋይናል 3» የሚል ፋይል በሳምንት ስንቴ እንደማይ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ስማችሁንና የሥራውን መደብ ጻፉበት።

ከመላካችሁ በፊት ከራሳችሁ ሲቪ ላይ እያያችሁ ወደ ራሳችሁ ስልክ ደውሉ። ቀልዴን አይደለም። አንዴ በጣም የወደድኩት ሲቪ ነበር፤ ልክ እንደዚያች ልጅ ያለ። ስደውል ቁጥሩ አንድ አሃዝ ጎድሎታል። ኢሜይል ላክሁ፤ አድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰብኝ። ሦስት ቀን ጠብቄ ሌላ ሰው ቀጠርኩ። ያ ልጅ ለምን እንዳልተደወለለት እስከ ዛሬ አያውቅም።