ካርድ፣ ኮድና የቤት ብድር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በክሬዲት ካርዴ ላይ የማላውቀው በጣም ትንሽ ክፍያ አየሁና ናቅሁት። በማግስቱ በዚያው ካርድ ትልቅ ገንዘብ ወጣ። ባንኩ ጋ ስደውል «ክፍያው ገና በመጠባበቅ ላይ ነው፣ እስኪወራረድ ምንም ማድረግ አንችልም» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የካርድ ክፍያ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሻጩ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ባንኩም ገንዘቡን ይይዛል፤ «በመጠባበቅ ላይ» የሚባለው ይህ ነው። ሻጩ ሒሳቡን ሲያስገባ ደግሞ ክፍያው ይወራረዳል። ቻርጅባክ የሚባለው ገንዘብ የማስመለስ ሂደት በመደበኛነት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ካርዱን መዝጋትና ማጭበርበሩን ማስመዝገብ ግን እስከዚያ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ካርዱን ያዘጉ፣ የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። የሚደውሉት ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ይሁን፤ በአጭር መልእክት በመጣ ቁጥር አይደውሉ።

ትንሿን ክፍያም አብረው ያስመዝግቡ። ሌባ ቁጥሩ መሥራቱን የሚፈትነው በእንዲህ ያለች ክፍያ ነው። እሷን ዝም ብለው ትልቁን ብቻ ቢከራከሩ፣ «የመጀመሪያውን እርስዎ ካላደረጉት ለምን አልተቃወሙም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

የቃላት ምርጫዎ ከሚያስቡት በላይ ዋጋ አለው። «ከዚህ ሻጭ ጋር ችግር አለብኝ» ካሉ ጉዳዩ የዕቃ ክርክር ሆኖ ይመዘገብና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን አምጡ ይባላሉ። «ይህን ክፍያ አልፈጸምኩም፣ ማንም እንዲፈጽም አልፈቀድኩም» ካሉ ግን ማጭበርበር ነው። በካርድ ድርጅቱ በቪዛ አሠራር ካርዱ በአካል ሳይቀርብ የተፈጸመ ማጭበርበር በምክንያት ኮድ 10.4፣ ያልደረሰ ዕቃ ደግሞ በ13.1 ይመዘገባል። በተሳሳተው ኮድ የገባ ጥያቄ ሻጩ «ዕቃውን ልኬያለሁ» ብሎ ደረሰኝ ባቀረበ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ በየትኛው ምክንያት እንደተመዘገበ ሠራተኛውን ይጠይቁት። አብዛኛው ሰው አይጠይቅም።

ጊዜውም ይሮጣል። በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ባንኩ ጥያቄውን ለማቅረብ በአብዛኛው 120 ቀን አለው። የእርስዎን ቀን የሚወስነው ግን የአገሩ ሕግ ነው። በአሜሪካ ለክሬዲት ካርድ ስሕተቱ ያለበት ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የክፍያ አገልግሎት መመሪያ እንደታወቀ ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ የመጨረሻው ገደብ ገንዘቡ ከወጣ 13 ወር ነው። በየትም ይሁን በየት፣ ስልክ ደውለው ብቻ አይተዉት፤ ያንኑ ቃል በጽሑፍ ይላኩና መድረሱን ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ካርድ ስለተሰጠዎት ብቻ ነገሩ አያበቃም። በየወሩ ለሚያስከፍሉ ሻጮች አዲሱን ቁጥር ራሱ የካርድ ድርጅቱ የሚያሳውቅበት አሠራር አለ። ለሕጋዊ ደንበኝነት ምቹ ነው፤ አጭበርባሪው በእርስዎ ካርድ የከፈተው ደንበኝነት ካለ ግን እሱም አብሮ ይሻገራል። «ይህ ሻጭ በአዲሱ ካርድ እንዳያስከፍል አግዱልኝ» ብለው ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ያለ ሰው የተላከልኝን ኮድ ነገርኩት። ባንኩ «ክፍያው በኮድ ስለተረጋገጠ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ነገሩ በዚህ ያበቃል?

መልስ፦ አያበቃም፣ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ይከብዳል። በኢንተርኔት ግዢ በኮድ ሲረጋገጥ ኪሳራው በአብዛኛው ከሻጩ ወደ ካርዱ ሰጪ ባንክ ይዞራል። ባንኩ በእርስዎ ላይ የሚጠነክረው ስለዚህ ነው፤ ከሻጩ ማስመለስ አይችልማ። ኮዱ መግባቱ አንድ ነገር ነው፣ ክፍያውን እርስዎ መፍቀድዎ ሌላ ነው። በብዙ አገር ሕግም ሁለቱ ተለያይተው ይመዘናሉ።

መጀመሪያ ያንን መልእክት ከፍተው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የሻጩ ስምና የገንዘቡ መጠን ተጽፎበታል? ወይስ «ካርድዎን ወደ ሞባይል ዋሌት ለማስገባት»፣ ማለትም በስልክ ወደሚከፈልበት መተግበሪያ፣ ይላል? ሁለተኛው ከሆነ ሌባው ካርዱን በገዛ ስልኩ ላይ ጭኖታል ማለት ነው። ያኔ አንድ ኮድ ብቻ ሰጥተው ብዙ ክፍያ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አንዱንም እርስዎ አላረጋገጡም። ክርክርዎን በዚህ ላይ ይገንቡ። ቀጥሎ ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ኮዱ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው ስልክ ተላከ? ካርዱ የተጫነው በምን መሣሪያ ነው? በዚያ ሳምንት ስልክ ቁጥሬ ወይም የይለፍ ቃሌ ተቀይሯል? «በደንቡ መሠረት» የሚል ጥቅል መልስ ብቻ ከመጣ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ለተቆጣጣሪው አካል ያቅርቡ። መልእክቱን አያጥፉት።

ጥያቄ፦ የቤት ብድሬ ቋሚ ወለድ በ6 ወር ውስጥ ያልቃል። ቀሪው ዕዳ 200,000፣ ጊዜው 25 ዓመት ነው። ባንኩ ለሚቀጥለው 5 ዓመት ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፦ 5.5 በመቶ ያለ ምንም ክፍያ፣ ወይም 5.25 በመቶ ከ3,000 የአገልግሎት ክፍያ ጋር። ዝቅ ያለውን ልውሰድ?

መልስ፦ በእነዚህ ቁጥሮች አይውሰዱ። በ5.5 በመቶ ወርኃዊ ክፍያው 1,228 ገደማ፣ በ5.25 ደግሞ 1,198 ነው። በወር 30 ያህል ይተርፋል፣ በ60 ወር 1,780። በዝቅተኛው ወለድ ዋናው ዕዳም ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚቀንስ ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ 680 ያህል ይጠቅማል። ድምሩ 2,460 ነው፤ እርስዎ ግን 3,000 ከፍለዋል። የአገልግሎት ክፍያው ብድሩ ላይ ይደመር ከተባለማ እሱም ወለድ ይወልዳል። ክፍያውን ወደ 1,500 ካወረዱልዎት ግን ሁለተኛው ይሻላል። ደፍረው ይጠይቁ፤ ከወለዱ ይልቅ ክፍያው ላይ ባንኮች ሊለሳለሱ ይችላሉ።

ከዚያ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ያስሉ። ባንኮች ወለድ የሚወስኑት በደረጃ ነው፤ 81 በመቶ ላይ ያለ ሰው ጥቂት ከፍሎ ወይም ቤቱን እንደገና አስገምቶ ከ80 በታች ቢወርድ የተሻለ ወለድ ሊያገኝ ይችላል። ከሌላ ባንክም የጽሑፍ ዋጋ ይያዙ። በቃል «ሌላ ቦታ ርካሽ ነው» ማለት አይሠራም፤ ወረቀቱን የሚያይ ሠራተኛ ግን ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

ወርኃዊ ክፍያው በጣም ዝቅ ብሎ ከመጣ ጊዜው ተለጥጦ እንዳይሆን ይመልከቱ። ከ25 ወደ 30 ዓመት የተዘረጋ ብድር በየወሩ ያቀልልና በድምሩ ያከብዳል። ዕዳውን ከጊዜው በፊት ቢከፍሉ የሚጣለው ቅጣትም በቁጥር ይጻፍልዎ። ከሁሉ የሚጎዳው ዝም ማለት ነው፤ ቋሚው ጊዜ ሲያልቅ ምንም ያልመረጠ ሰው በብዙ ባንክ ወደ መደበኛው ተለዋዋጭ ወለድ ይገባል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ የምከራከርበትን የካርድ ክፍያ አልከፈልኩም። በሚቀጥለው ወር የቤት ብድር ላመለክት ነው። ይጎዳኛል?

መልስ፦ ሊጎዳዎት ይችላል። የማይከራከሩበትን ቀሪ ሒሳብ በቀኑ ይክፈሉ፤ የተከራከሩበት እስኪጣራ ድረስ በየወሩ ከሚጠየቀው ዝቅተኛ ክፍያ ውጭ መሆኑንና እንደ መዘግየት እንደማይመዘገብ ባንኩ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። ከማመልከትዎ በፊት የብድር ታሪክዎን አውጥተው ይዩት። መዘግየት ተመዝግቦ ካገኙ ማረሚያ ይጠይቁ፣ የቅሬታ ቁጥሩ ያለበትን ደብዳቤም ከብድር ማመልከቻው ጋር ያያይዙ። የብድር ገምጋሚው ራሱ ሳይደርስበት በፊት ደብዳቤው እጁ ላይ ይኑር።