ማሞቂያው ሲቀየር የጭስ ማውጫውን ማን ያየዋል?

የቤት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ታውንሃውስ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ያለው 50 ጋሎን የሚይዝ የጋዝ ውሃ ማሞቂያችን 14 ዓመት ያገለገለ ሲሆን ሰሞኑን ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀምሯል። አንድ የቧንቧ ሥራ ኩባንያ መጥቶ ካየው በኋላ ለመቀየር 3,200 ዶላር ጠየቀን። በእድራችን የምናውቀው አንድ ወጣት በበኩሉ ማሞቂያውን ራሳችን በ850 ዶላር ገደማ ከሱቅ ከገዛንለት የእጁን 500 ዶላር ብቻ ተቀብሎ በግማሽ ቀን እንደሚጨርሰው፣ ፈቃድ የሚጠየቀውም ለአዲስ ቤት እንጂ ለቅየራ እንዳልሆነ ነገረን። ምናልባት ማወቁ ከጠቀማችሁ፣ ባለፈው ዓመት ፈርነሳችንን (ቤቱን የሚያሞቀውን የጋዝ ምድጃ) ኃይል በሚቆጥብ አዲስ ፈርነስ ቀይረናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከዋጋው በፊት ውሃው የሚንጠባጠበው ከየት እንደሆነ በእርግጠኝነት ይታወቅ። ከላይ ካለው የደኅንነት ቫልቭ ወይም ከታች ካለው ማፍሰሻ ቧንቧ ከሆነ በትንሽ ወጪ ይጠገናል። የታንኩ ብረት ራሱ ዝጎ ተበስቶ ከሆነ ግን ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ እንዲህ ያሉ ማሞቂያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያገለግሉት ከ8 እስከ 12 ዓመት በመሆኑ የእናንተው ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ታንኩ ከሆነ የጋዙን መቆጣጠሪያና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዛሬውኑ ዝጉ።

ፈቃድን በተመለከተ ወጣቱ የነገራችሁ ትክክል አይደለም። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች አብዛኛው ክፍል የቧንቧና የጋዝ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ የተባለው የውሃና ፍሳሽ ተቋም ነው፤ ማሞቂያ መቀየርም ፈቃድና ምርመራ ከሚያስፈልጋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ፈቃዱን የሚያወጣው ባለ ፈቃዱ የቧንቧ ባለሙያ ሲሆን ሥራው ሲያልቅ የተቋሙ መርማሪ መጥቶ ያየዋል። ያለ ፈቃድ የተሠራ የጋዝ ሥራ ጣጣው አደጋ ደርሶ የመድን ድርጅቱ መጠየቅ ሲጀምር፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ የገዢው መርማሪ ቤዝመንት ሲወርድ ብቅ ይላል።

ወደ ሁለቱ ዋጋዎች ስንመጣ፣ የሚወዳደሩት አንድ ዓይነት ሥራ እንደሆኑ ተደርጎ መሆን የለበትም። በአካባቢያችን በባለ ፈቃድ ባለሙያ የሚሠራ የተለመደ የጋዝ ማሞቂያ ቅየራ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር ስለሚያስወጣ 3,200 ዶላር ወደ ላይኛው ጫፍ የቀረበ ቢሆንም የዝርፊያ ዋጋ አይደለም። ኩባንያው ዋጋውን በዝርዝር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። በዝርዝሩ ላይ የፈቃዱ ክፍያ፣ የአሮጌው ማሞቂያ መወገድ፣ አዲስ የጋዝ ማገናኛ፣ በጋዝ መስመሩ ላይ ቆሻሻ የሚያስቀር ቁልቁል ቧንቧ፣ እስከ ወለሉ አጠገብ የሚወርድ የደኅንነት ቫልቭ ማፍሰሻ፣ እንዲሁም የሚያፈስ ውሃ ንብረት የሚያበላሽበት ቦታ ከሆነ ከሥሩ የሚቀመጥ ሳህን መኖር አለባቸው።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው «ለምን አስፈለገ?» እያለ የሚከራከርበት ኤክስፓንሽን ታንክ የሚባል ትንሽ ታንክ አለ። 50 ጋሎን ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ፋራናይት ሲሞቅ ግማሽ ጋሎን ያህል ይጨምራል። ድሮ ይህ ትርፍ ውሃ ወደ መንገዱ ዋና መስመር ተመልሶ ይገባ ነበር፤ ቤቱ መግቢያ ላይ የግፊት መቀነሻ ወይም የማይመልስ ቫልቭ ካለ ግን መሄጃ ስለሚያጣ ግፊቱ ታንኩንና ቧንቧዎቹን ያስጨንቃል። ስለዚህ መስመሩ በዚህ መንገድ የተዘጋ ከሆነ ትርፉን ውሃ የሚቀበለው ትንሹ ታንክ በደንቡ ግዴታ ነው። የመንገዱ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች ከ80 ፓውንድ በላይ ከሆነም መቀነሻው ራሱ ግዴታ ይሆናል። አሮጌው ማሞቂያ ያለዚህ ታንክ 14 ዓመት መሥራቱ ለአዲሱ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚመረመረው በዛሬው ደንብ ነው።

ከደብዳቤያችሁ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ግን «ምናልባት ማወቁ ከጠቀማችሁ» ብላችሁ ያከላችሁት የፈርነሱ ነገር ነው። ቀድሞ ፈርነሱና ማሞቂያው ጭሳቸውን በአንድ የጭስ ማውጫ ያወጡ እንደነበር መገመት ይቻላል። ብቃታቸው ከ90 በመቶ በላይ የሆኑ አዳዲስ ፈርነሶች ጭሳቸው በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነ በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል ይወጣል፤ ለሁለት የተሠራው ሰፊው የጭስ ማውጫ ደግሞ ለማሞቂያው ብቻ ይቀራል። ያ ትንሽ ጭስ ሰፊውንና ቀዝቃዛውን ማውጫ አሙቆ ወደ ላይ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል፤ እንፋሎቱ ውስጥ ውስጡን ውሃ ሆኖ ግንቡን ይበላል፣ ሲብስም ጭሱ ከነካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ቤዝመንት ይመለሳል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በማሞቂያው አናት ላይ ቧንቧዎቹ በሚገቡበት ቦታ ያሉት የፕላስቲክ ቀለበቶች ቀልጠው ወይም ጠቁረው ከሆነ ጭሱ ሲመለስ ቆይቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ማሞቂያው ተነቅሎ ከመሄዱ በፊት ይታይ። በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌላችሁም ነገ የሚባል ነገር የለውም።

የፈርነሱ ቧንቧ በእርግጥ በግድግዳ የሚወጣ ከሆነ መፍትሔው በጭስ ማውጫው ውስጥ በልኩ የሆነ የብረት ላይነር (ጠበብ ያለ የውስጥ ቧንቧ) ማስገባት፣ ወይም ጭሱን በማራገቢያ ወደ ጎን የሚያስወጣ ማሞቂያ መግዛት ነው። ሁለቱም ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ። ወጣቱ ይህን እንዳላሰበበት ግልጽ ነው፤ ኩባንያውም በ3,200 ዶላሩ ውስጥ አካቶት እንደሆነ በደብዳቤያችሁ አልተጠቀሰም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የጭስ ማውጫውን ማን ለካው? መልስ የሌለው ሰው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሥራውን ባይወስድ ይመረጣል።

ጋዙን ትታችሁ በኤሌክትሪክ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀቱን ከአካባቢው አየር እየሳበ፣ ወደሚሠራ ማሞቂያ መዞርም ይቻላል፤ የጭስ ማውጫው ጉዳይ ያኔ ከነጭራሹ ይቀራል። ሆኖም አብዛኞቹ የ240 ቮልት ባለ 30 አምፒር መስመር፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚያወጣ ማፍሰሻ፣ እንደየሥሪቱም 700 ኪዩቢክ ጫማ የሚደርስ አየር ያለው ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቤዝመንቱንም ያቀዘቅዛሉ። እስከ 2,000 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተገጠሙት አይሰጥም፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያችሁ ተመላሽ ገንዘብ ይሰጥ እንደሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከገዛችሁ በኋላ መጠየቅ ዋጋ ላይኖረው ይችላል።

ወጣቱን ማስቀየም አያስፈልግም። ባለ ፈቃድ ባለሙያ የሚያውቅ ከሆነና ያ ባለሙያ ፈቃዱን በስሙ አውጥቶ ሥራውን ከተቆጣጠረው፣ በእሱ ሥር ሊሠራ ይችል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሦስተኛ የዋጋ ግምት ከ3,200 ዶላሩ በታች ቢመጣ አያስደንቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ተከራይ ነኝ። ሙቅ ውሃ ከቆመብን ቀናት ተቆጥረዋል፤ አከራዩ «ማሞቂያው ውድ ነው፣ እንካፈል» ይላል። የቤት ኪራዩን ባስቀርበትስ?

መልስ፦ ኪራዩን በራስዎ ውሳኔ አያስቀሩ። ሙቅ ውሃ ማቅረብ የአከራዩ ግዴታ ስለሆነ ማሞቂያውን የመቀየር ወጪም የእርሱ ነው። ብልሽቱን ቀኑን ጠቅሰው በጽሑፍ ያሳውቁትና ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ካልሠራ በ311 ደውለው ለካውንቲው የቤቶች ደንብ አስከባሪዎች ያመልክቱ። የሜሪላንድ ሕግ የሙቅ ውሃ መቋረጥን ኪራይ በፍርድ ቤት በኩል ለማስያዝ ከሚያበቁ ጉድለቶች ውስጥ በግልጽ ይጠቅሰዋል፤ ይህም ማለት ዳኛው ሲፈቅዱ ገንዘቡን ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ይከፍላሉ። በራስዎ ካስቀሩት ግን ኪራይ ባለመክፈል የሚከሰሱት እርስዎ ይሆናሉ።