ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚለቁት?

ነገሩ የተጀመረው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.። ለለቅሶ ከኮምቦልቻ ወጥቼ፣ ከድንኳኑ መልስ ትንሽ ልሙቅ ብዬ ገባሁ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ቻናል ሲቀያይር ቆይቶ ሜልቦርን ላይ የሚደረግ የሜዳ ቴኒስ ግጥሚያ ላይ ተወው። ኖቫክ ጆኮቪችና ካርሎስ አልካራዝ ናቸው። አንዱ 37 ዓመቱ፣ ሌላው 21።

አጠገቤ አንድ ወጣት ተቀምጧል። የቱታው እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል። ጆኮቪች ገና በመጀመሪያው ዙር እግሩን ታመመ። ሐኪም ጠራ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ዙሩንም 6 ለ4 ተሸነፈ። «ይሄ ሽማግሌ ዛሬ አለቀለት» አለ ልጁ። በ37 ዓመት ሽማግሌ ከተባለ፣ 68 የሞላኝ እኔ ቅርስ ነኝ ማለት ነው። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

አላለቀለትም። ቀሪዎቹን 6 ለ4፣ 6 ለ3፣ 6 ለ4 ወሰዳቸው። እግሩ ስለማያስሮጠው ኳሱን ቶሎ ቶሎ መጨረስ ጀመረ። ልጁ ወደኔ ዞረና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ግን መቼ ነው ቦታ የሚለቁት?»

«ሲያሸንፏቸው ነዋ!» ብዬው ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሀረጎን ቁልቁል ስወርድ ጥያቄው አብሮኝ ወረደ። ኮምቦልቻ ደርሼ ጃኬቴን ሳወልቅ እንኳ አልለቀቀኝም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ጆኮቪች እንዳልነበረ የገባኝ ማታ ነው።

የሜዳ ቴኒስ ተጫውቼ አላውቅም። የኔ ነገር የጠረጴዛ ቴኒስ ነበር፤ እሱም የሠራተኛ ክበብ ውስጥ፣ መሀሉ በጎበጠ ጠረጴዛ ላይ። ሙያዬ ቶርኖና ፍሬዛ ነው፤ ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ የሚቀርጽ፣ ፍሬዛ ደግሞ በሚሽከረከር ስለት የሚቆርጥ ማሽን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ብረት ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ጡረታ ስወጣ ሴት ልጄ ዲኤስቲቪ አስገባችልኝና ቴኒስን ያኔ ወደድኩት። ብቻህን ነህ። ዳኛ ላይ ማሳበብ ትችላለህ፣ ግን ብዙ አያስኬድህም። በተለይ የሽማግሌዎቹን ጨዋታ አልጠግብም። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ 2ኛ ሲወጣም እንደዚሁ ቤቱን በጩኸት አናግቼዋለሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኬን ሮዝዎል የሚባል አውስትራሊያዊ በ39 ዓመቱ የዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰ። ጂሚ ኮነርስ የሚባል የ21 ዓመት ጎረምሳ 6 ለ1፣ 6 ለ1፣ 6 ለ4 አድርጎ ሸኘው። 17 ዓመት አለፈ። በ1991 ኮነርስ ራሱ 39 ዓመት ሞላው። በልደቱ ቀን ኒውዮርክ ላይ፣ በዩኤስ ኦፕን ውድድር፣ የ24 ዓመቱን አሮን ክሪክስታይንን ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ ጣለው። ግማሽ ፍጻሜም ገባ። እዚያ ጂም ኩሪየር ጠበቀውና አሰናበተው። የኩሪየር ዕድሜ ስንት ነበር? 21።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ኮነርስ ቢያንስ ሜዳ ላይ ወጥቶ ነው የተሸነፈው። እኔ እሱን እንኳ አላደረግኩም።

በ1993 ዓ.ም. ነው። 44 ዓመቴ ነበር። በምሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ማርሽ፣ ማለትም ጥርስ ያለውን የማሽን ጎማ፣ የሚቆርጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሽን ሲሰበር መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ማርሽ የሚያወጣ ሰው ይከበራል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ስሜን ጠርቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ልጅ ተቀጠረ። 22 ዓመቱ፣ የወረባቦ ልጅ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ። ወሬ አይወድም። እጁ ግን ይገርማል። ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ሲይዝ እንቁላል የያዘ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር ቶርኖ ላይ ከኔ እኩል ንጹሕ ሥራ ማውጣት ጀመረ። ሰው አወቀው። «ልጁ ጎበዝ ነው አይደል?» ይሉኛል። «ይሞክራል» እላለሁ።

ቱታዬ ኪስ ውስጥ አንዲት ደብተር ነበረችኝ። ለዚህ ያህል ጥርስ ስንት ዙር፣ ስንት ቀዳዳ የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የ20 ዓመት ልፋት ነው። ልጁ ልገልብጣት ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ይደርሳል» አልኩት። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? የኔ በኪስ ነበር።

ያስተማሩኝ ሰውዬም እንደዚያው ነበሩ። ጣሊያን ጋራዥ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥር ሲያወጡ ጀርባቸውን ይሰጡናል። በጠመኔ ማሽኑ ላይ ይጽፉና በእጅጌያቸው ያጠፉታል። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሆነን እጅጌያቸው ላይ የተጋባውን ጠመኔ ለማንበብ ሞክረናል። 7 ትመስል ነበር። እወዳቸው ነበር ግን። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ ቤታቸው ይወስዱኛል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ወሬ አይሆንም። ሾርባቸውን አልከለከሉኝም። የከለከሉኝ ቁጥራቸውን ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ባለ 38 ጥርስ የነሐስ ማርሽ ተፈለገ። ፎርማኑ «ዛሬ ልጁ ይሞክረው» አለ። ሆዴ ተገላበጠ። «ይሞክረው» አልኩ።

ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ፍሬዛው ላይ ጥርስ የሚያከፋፍል ዕቃ አለ። እጀታውን 40 ጊዜ ስታዞሩት ማርሹ አንድ ጊዜ ይዞራል። ለ38 ጥርስ 40ን ለ38 ታካፍላላችሁ። አንድ ሙሉ ዙርና የዙር 19ኛ እጅ ይመጣል። ስለዚህ ከእጀታው ሥር ካለው ባለ ቀዳዳ ሳህን ላይ 19 ቀዳዳ ያለውን ክብ መርጣችሁ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ዙርና አንድ ቀዳዳ ትሄዳላችሁ። ችግሩ ክቦቹ ተጠጋግተዋል። ባለ 19ኙ ጎን ባለ 20ው አለ። ዓይን ያታልላል።

ልጁ ስሌቱን በወረቀት ሠራው። ትክክል ነበር። ከዚያ አጎንብሶ የእጀታውን ፒን ባለ 20ው ላይ አስገባው።

አየሁት። በእጄ ሻይ ይዤ፣ ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። «ቆይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሻዩን ፉት አልኩ። መጀመሪያ የማርሹን ዙሪያ ሁሉ በስሱ ጫር ጫር አድርጎ፣ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ከዚያ ቆረጣውን እንዲያጠልቅ ሊነግረው የሚገባውም እኔ ነበርኩ። ይቺን ዘዴ መጽሐፍ ላይ አያገኛትም ነበር፤ ቢያንስ የኛ ትምህርት ቤቶች ያኔ አያስተምሯትም ነበር። ዝም አልኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጥርስ በጥርስ መቁረጥ ጀመረ። የነሐሱ ብናኝ ጫማው ላይ እንደ ወርቅ ይረግፋል። በየመሀሉ ቀና ብሎ ያየኛል። ራሴን እነቀንቅለታለሁ። አዎ፣ ቀጥል እንደማለት።

ከምሳ በኋላ 38ኛው ላይ ደረሰ። የመጨረሻዋ ጥርስ ከሌሎቹ ወፈረች። በጣም አይደለም፤ የአንድ ጥርስ ድርሻ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ግን ማርሽ ይቅርታ አያውቅም። ፎርማኑ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጮኸበት። ያ ሁሉ ነሐስ ባከነ። እኔ በማግስቱ ሌላ ድፍን ነሐስ አስገብቼ ማርሹን አወጣሁት፤ ተጨበጨበልኝ። ልጁን ወደ ስቶር አዛወሩት። ብሎን ሲቆጥር ስድስት ወር ቆየና ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሣ።

ሊሰናበተኝ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ባለ 19ኙ ላይ ነበር መሆን የነበረበት አይደል?»

ብቻውን ደርሶበታል። እንዳየሁትም ያውቅ ይሁን አላውቅም። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ?

«እኔ እንጃ።»

ሻዩን ለራሴ ይቅር ማለት እችላለሁ፤ ቅናት ነው፣ ድንገት ነው። «እኔ እንጃ»ን ግን አልቻልኩም። ስድስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ።

ቴኒስ ስመለከት የሚያብሰለስለኝ ይኼ ነው። ጆኮቪች 24 ትልልቅ ዋንጫ አለው። ሆኖም ደረጃ የሚያሰጠው ነጥቡ ከ52 ሳምንት በኋላ ይረግፋል። አምና ያሸነፈውን ውድድር ዘንድሮ ተመልሶ ካላሸነፈ ደረጃው ይወርዳል። ወጣቱ ሲመጣበት በር መቆለፍ አይችልም። አጨዋወቱ ሁሉ በካሜራ ተቀርጿል፤ ማንም ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሊያጠናው ይችላል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጠመኔውን በእጅጌው አጥፍቶ አይኖርም። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሁለት ወር በኋላ፣ ፓሪስ ላይ ይኼንኑ አልካራዝን 7 ለ6፣ 7 ለ6 አሸንፎ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። እኛ ቤት ግን የአገልግሎት ዘመን አይረግፍም። እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንዳንዴ ከሥሩ ምንም የለም።

ምክር ተብሎ ከተጠየቅኩ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ሱስ ይቅርባችሁ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የምለው ቦታ ይለቀቅልኝ ብላችሁ አትለምኑ ነው። አሸንፋችሁ ውሰዱ። የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ትንሽ ታስቸግራላችሁ። ገና ብረት ሳይነካው «ኢንጂነር» በሉኝ የሚል አለ። ቱታ ለብሶ ፎቶ ይነሣና ቱታውን መልሶ ይሰቅላል። በሦስት ወር ሱፐርቫይዘር ካልሆንኩ ይላል። ሮዝዎል 39 ዓመቱ ላይ የደረሰው በቲክቶክ አይደለም።

ደግሞ ሳስበው፣ የወረባቦው ልጅ ምን አድርጎ ሊያሸንፈኝ ይችል ነበር? ከኔ ቀድሞ ይገባል፣ ከኔ ኋላ ይወጣል። ስሌቱ ትክክል ነበር። ሜዳውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ከላይ ያልኩትን ግማሹን አንሡልኝ። ቲክቶክንም ልተወው። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ ጥርስ አከፋፈል የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝ። እኔ 20 ዓመት ኪሴ ውስጥ የደበቅኩትን አንድ ሰውዬ በአራት ደቂቃ፣ ያውም በነጻ፣ ለዓለም ይናገራል። ጫር ጫሯን ዘዴ ሳይቀር።

በሳምንቱ ደሴ ወጣሁ። ለልጁ ብዬ ነው የወጣሁት። ቡና ቤቷ ውስጥ እዚያው ወንበር ላይ አገኘሁት። ጆኮቪች በግማሽ ፍጻሜው ከዝቬሬቭ ጋር አንድ ዙር ተጫውቶ በጉዳት ማቋረጡን እሱ ነው የነገረኝ። «ለቀቀ አይደል?» አልኩት። «ኧረ ይመለሳል» አለ። ገረመኝ፤ ቅር ያለውም ይመስላል።

ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ሁለት ዓመቱ ነው። አለቃው በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን ብየዳ አያስነካውም። ሊበይድ ሲል ዕቃ ግዛ ብሎ ይልከዋል። «ሲጨርሱ ነው የምደርሰው» አለኝ።

ብዙ ነገር ልነግረው አስቤ ነበር። አርጎን ግን አልችልም፤ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ አልነበረም። ማርሽ መቁረጥ መማር ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። አንድ የማውቀው ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ ፍሬዛ አለው፤ እሑድ እሑድ ይለቅልኛል። ልጁ ትንሽ አሰበና የትራንስፖርቱን ሒሳብ አሰላ። «ጓደኛዬንስ ይዤው ብመጣ?» አለ።

ደብተሯን ከሣጥን አውጥቼ አየኋት። ልባሷ ተገንጥሏል። 38 ያለበት ገጽ ግራሶ ጠጥቷል፤ ግን ይነበባል።